ስለሚከስመው ብርሃን የተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ

ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ለማይመለከታችሁም ጭምር፦ ወራት ሙሉ ሲነቃነቅ የኖረው የስብሰባ ክፍላችን ጠረጴዛ ዛሬ ጠዋት በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ጸጥ ማለቱን በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን። ካርቶኑን ያጠፉት የንብረት ክፍል ኃላፊው ሲሆኑ እግሩ ሥር የሸጎጡት መካኒኩ ናቸው። ወደፊት የሥራው ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር እንዳይነሳ ሁለቱም በእኩል እንዲመሰገኑ ታዟል። ጠረጴዛው በጉዳዩ ላይ አስተያየት አልሰጠም።

ወደ ቃለ ጉባኤው እንለፍ።

ቀን፦ ሐሙስ።

ቦታ፦ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያው፣ ከጉልላቱ ሥር ያለው የስብሰባ ክፍል። ክፍሉ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ አንዱ አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም።

ሰዓት፦ በጥሪው ወረቀት ላይ አሥር ሰዓት፣ በተግባር አሥራ አንድ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ የቴሌስኮፕ አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት አምስት ናቸው፤ ስብሰባው የሚሞላውም አምስቱም ሲገኙ ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ከግማሽ በላይ ይበቃል። እኛ ዘንድ ግን አንድ አባል ታመው በቀሩበት ቀን፣ የተቀሩት አራቱ መጸዳጃ ቤቱን የማስጸዳት ኃላፊነት በሌሉበት በሙሉ ድምፅ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል፤ የታመመም የለም።

የተገኙ፦

ሰብሳቢው፣ የጣቢያው ምክትል ኃላፊ፤ ደንብ እንደ ልጃቸው የሚወዱ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው፤ ምንም ነገር ያለ ፊርማ ከቦታው ሲነሳ የሚያማቸው።

አስጎብኚዋ፤ ጎብኚዎችን ይዘው ጣቢያውን የሚያዞሩ።

መካኒኩ፤ የጉልላቱ መክፈቻ ቁልፍ ያዥ። ስለ ምንም ነገር ቢጠየቁ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ስለሚሉ ስማቸው ቀስ በቀስ ሆኖ ቀርቷል።

ባለሙያዋ፤ የጣቢያው ብቸኛ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ።

ያለ ድምፅ የተገኘ፦ እኔ። ዋናዋ ጸሐፊ ወልዳ ስለተኛች፣ የእጅ ጽሑፌም ስለሚነበብ፣ ለዛሬ ተሹሜያለሁ። ሹመቱ የመጣው ለልጅ ልጄ ሹራብ ላቀብል በሩ ላይ ስደርስ ነው።

ኮሪደር ላይ የተገኙ፦ የንብረት ክፍል ኃላፊው አማት።

ስብሰባው እንደተከፈተ አስጎብኚዋ፣ ጸሐፊው ከባለሙያዋ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠየቁ። ጸሐፊው ሲመልስ እሷ የልጅ ልጁ መሆኗን፣ እሱ ግን የማንም የልጅ ልጅ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ቢሆንም ሰዎቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው አስረድቷል። መልሱ በቂ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሰብሳቢው፣ ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ "ሰብሳቢው ረጅም ንግግር አደረጉ" የሚለው ዐረፍተ ነገር "ሰብሳቢው ባጭሩ ገለጹ" ተብሎ እንዲታረም ጠየቁ። ለምን እንደሆነም በሰፊው አብራሩ። ማብራሪያው ሲያልቅ ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተሻግራ ነበር። ከረጅም ውይይት በኋላ እርማቱ ጸድቋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ዛሬ አመሻሽ ቴሌስኮፑ ለማን ይሰጥ

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ቴሌስኮፑን ሁለት ሰው ሲፈልገው ብቻ መሆኑ ይታወቃል። ማክሰኞና ረቡዕ ፈላጊው አንድ ስለነበር ሰላም ሆኖ ውሏል።

ባለሙያዋ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ማክሰኞ ዕለት፣ ከእኛ እጅግ በራቀ ስፍራ የሞተ የአንድ ግዙፍ ኮከብ ዜና ደርሷል። ኮከቡ ሲሞት ለጥቂት ሰከንዶች የጋማ ጨረር ፍንዳታ ወጥቷል፤ በሰማይ የምትዞር ሳተላይትም አይታ ለዓለም ሁሉ አስታውቃለች። ፍንዳታው ወዲያው ያልፋል፤ ከኋላው ግን እንደ ፍም እየደበዘዘ የሚሄድ ድኅረ ብርሃን ይቀራል። ባለሙያዋ ይህንን ብርሃን ሁለት አመሻሽ ለክተውታል። እስካሁን ቀጥ ባለ መስመር እየወረደ ነው። ዛሬ መስመሩ ድንገት ወደ ታች ከታጠፈ፣ ፍንዳታው በየአቅጣጫው የተበተነ ሳይሆን እንደ እጅ ባትሪ ቀጥኖ ወደ እኛ የተወረወረ ነበር ማለት ነው። ነገ ብርሃኑ በእኛ ቴሌስኮፕ አቅም ከሚታየው በታች ይሆናል። በሌላ አገር ያሉት ትልልቆቹ ወይ ደመና ወርሷቸዋል ወይ ቀን ሆኖባቸዋል፤ የዛሬዋን ልኬት ከእኛ ይጠብቃሉ። የሚለካበትም ጊዜ ጀንበር ጠልቃ ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ፣ ያ የሰማይ ክፍል ከኮረብታው ጀርባ እስኪገባ ያለው አጭር ጊዜ ነው።

ሰብሳቢው፣ ባይለካስ ምን ይሆናል ሲሉ ጠየቁ።

"ምንም አይሆንም ጋሼ" አሉ ባለሙያዋ። "እንደ በፊቶቹ ሁለቱ ይሆናል።"

በፊቶቹ ሁለቱ የተባሉት፣ ባለሙያዋ ወደዚህ ጣቢያ ከመጡ ወዲህ የጠየቋቸው ተመሳሳይ ብርሃኖች ናቸው። ኮሚቴው ሁለቱንም ጊዜ በጥልቀት ተወያይቶ በጭብጨባ ፈቅዷል፤ ሁለቱም ጊዜ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ባለሙያዋ ፈቃዶቹን በፍሬም አሠርተው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋቸዋል።

መካኒኩ በዚህ ላይ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚል አስተያየት ሰጡ። ሰብሳቢው ውሻው የትኛው አባል እንደሆነ ይገለጽልኝ አሉ። መካኒኩ ቀስ በቀስ እንደሚገለጽ ተናገሩ።

ቀጥሎ የንብረት ክፍል ኃላፊው የራሳቸውን ጥያቄ አቀረቡ። አማታቸው ከሩቅ መጥተው ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ አመሻሽ በቴሌስኮፑ ጨረቃን ሊያሳዩዋቸው ቃል ገብተውላቸዋል። ለጨረቃ ደግሞ ካሜራው ወርዶ የዓይን መመልከቻው መገጠም አለበት። ካሜራውን አውርዶ መልሶ ለመስቀል ምን ያህል እንደሚፈጅ መካኒኩ ተጠይቀው፣ ስለ እንቁላል ተናገሩ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ አመሻሽ እንደማይሆኑ ኮሚቴው ተረድቷል።

የሚከተለው ምልልስ፣ የትኛውን እንደምቆርጥ ስላላወቅሁ፣ እንዳለ ተጽፏል።

የንብረት ክፍል ኃላፊ፦ "እህቴ፣ ይሄ ብርሃን መንገድ ላይ ስንት ዓመት ቆየ አልሽ?"

ባለሙያዋ፦ "ቢሊዮኖች።"

የንብረት ክፍል ኃላፊ፦ "ቢሊዮን ዓመት የታገሠ፣ እስከ ቅዳሜ መታገሥ እንዴት ያቅተዋል?"

መካኒኩ፦ "ደክሞት ነዋ።"

አስጎብኚዋ፦ "ለመሆኑ ቀለሙ ምንድን ነው? ጎብኚ ይወደዋል?"

ባለሙያዋ፦ "በዓይን አይታይም። ካሜራው ነው የሚያየው፣ እሱም እንደ አንዲት ነጥብ።"

አስጎብኚዋ፦ "እንግዲያ የምንጣላው ለማይታይ ነገር ነው?"

ሰብሳቢው፦ "ኮሚቴው ለሚታይ ነገር ተጣልቶ አያውቅም። ቀጥሉ።"

የንብረት ክፍል ኃላፊው አክለው፣ ቴሌስኮፑ የሚሰበስበው ብርሃን በገቢ ደረሰኝ ስለማይመዘገብ ማክሰኞና ረቡዕ የገባው ሁሉ ሕጋዊነቱ እንደሚያጠራጥር አሳሰቡ። ባለሙያዋ ብርሃኑን ተረክበው ይፈርሙ እንደሆነ ጠየቋቸው። ኃላፊው ናሙናውን ካዩ እንደሚፈርሙ መለሱ። አማታቸው ዛሬ ጨረቃን ካላዩ ግን እሳቸው ቤት እንደማይገቡ፣ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ እንደሚያድሩና ለአልጋም በጽሑፍ እንደሚጠይቁ አስታወቁ።

በዚህ ጊዜ በማይዘጋው መስኮት በኩል ሲታይ ጀንበር ኮረብታውን ነክታ ነበር። ባለሙያዋ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር። የያዙት እርሳስ ሁለት ቦታ ተሰበረ። መካኒኩ "ብዕሬ ወደቀ" ብለው ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አሉ። ብዕር አልያዙም ነበር። ሲነሡ ወገባቸው ላይ ከታሰሩት ቁልፎች አንዱ ጎድሏል።

ሰብሳቢው እግራቸው እንደደነዘዘ ገልጸው አጭር ዕረፍት አወጁ። በዚህ ኮሚቴ ታሪክ ሰብሳቢው ዕረፍት ሲያውጁ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዕረፍት በኋላ

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ ፊት መለየት አልቻሉም፤ ራስ መቁጠር ግን ይችላሉ። አምስት ራስ ቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋገጡ።

ባለሙያዋ በቦታቸው ተገኝተዋል። ራሳቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል፤ ጥቂት ወፈር፣ በርከት ባለ ዓመትም ሸምገል ብለዋል። ሥራ ያስረጃል።

ንግግራቸውን ካቆሙበት ሊቀጥሉ የተነሡት የንብረት ክፍል ኃላፊ ወደ ባለሙያዋ ወንበር ቀና ሲሉ ቃላቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ባለሙያዋ አንዴ ብቻ አዩአቸው። ኃላፊው ተመልሰው ተቀመጡ። ምን ነካዎት ተብለው ሲጠየቁ "ምንም" አሉ፤ ላብ ግን ነበረባቸው። አስጎብኚዋ ድንገተኛ ሳል ይዟቸው መሀረብ አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

ወዲያው ከበላይ በኩል ከባድ የመንኳኳት ድምፅ ተሰማ። ጣሪያው አቧራ ጣለ። በአጀንዳ ያልተያዘ ቢሆንም ድምፁ ምን እንደሆነ ውይይት ተከፈተ።

አስጎብኚዋ ነጎድጓድ ነው አሉ። ሰብሳቢው ወደ ውጭ እንዲታይ አዘዙ፤ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ጀምሮ ነበር፣ ነጎድጓድ የሚለው ወደቀ። ጸሐፊው የሰብሳቢው ሆድ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ድምፅ የሌለው ሰው ስለ ድምፅ ሐሳብ ማቅረብ እንደማይችል ተነግሮት አረፈ። መካኒኩ ቧንቧ ነው አሉ። ጉልላቱ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ፣ ይህ ድምፅ ጉልላቱ ሊሆን ይችል እንደሆነ ተጠየቁ። ጉልላቱ እንዲህ ቶሎ ተከፍቶ እንደማያውቅ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፁ ቧንቧ እንዲሆን በአምስት ድምፅ ተወስኗል።

አስጎብኚዋ በበኩላቸው የማስታረቂያ ሐሳብ አመጡ። ይኸውም ድኅረ ብርሃኑ መክሰሙን እስከሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ እንዲያዘገይ በኮሚቴው ስም የትብብር ደብዳቤ እንዲጻፍለት ነው። አድራሻው አከራከረ። መካኒኩ እንዳሉት ደብዳቤው በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ እንኳ ለመድረስ ብርሃኑ የመጣበትን ያህል ዘመን ይፈጃል፤ መልሱም እንደዚያው። ሰብሳቢው ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው መልስ ከዚህ ብዙም ፈጥኖ እንደማያውቅ አስታውሰው መዘግየቱ እንቅፋት እንዳይሆን አሳሰቡ። ደብዳቤው በትሕትና ይጻፍ ወይስ በጥብቅ ማሳሰቢያ በሚለው ላይ እያንዳንዱ አባል በየተራ፣ አንዳንዱም ያለ ተራው ተናገረ። በተለይ መካኒኩ፣ በዓመት ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ የማይናገሩት፣ ስለ ትሕትና ምንነት ከልጅነታቸው ጀምረው ተረኩ። አባላቱ ሰዓት እንዲሄድ እንዲህ በአንድ ልብ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤው በትሕትና እንዲጻፍ፣ ግልባጩም ለኮረብታው እንዲላክ ተወስኗል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ ዋናው ነገር ተመለሱ። ቴሌስኮፑን የጠየቁት ሁለት በመሆናቸው፣ ለአንዱ ቢሰጥ ሌላው ስለሚያዝን፣ ጉዳዩ በንዑስ ኮሚቴ እስኪጠና ዛሬ አመሻሽ ለማንም እንዳይሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ድምፅ ተሰጠ። ባለሙያዋ እጃቸውን ሲያነሡ የንብረት ክፍል ኃላፊው አነሡ፤ ባለሙያዋ ሻርፓቸውን ሊያስተካክሉ ዝቅ ሲያደርጉ እሳቸውም ዝቅ አደረጉ፤ መልሰው ሲያነሡ መልሰው አነሡ። ቴሌስኮፑ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ጉልላቱም እንዳይከፈት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ከበላይ በኩል ቧንቧው እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ሲዘጋ ነው።

ያልተጠበቀ አባል

በሩ ተከፈተና ባለሙያዋ ገቡ። ሹራቡን ለብሰዋል፤ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቷል፣ እጃቸው ላይ አንዲት ወረቀት አለች። ደረጃውን እየሮጡ ስለወረዱ መጀመሪያ መናገር አልቻሉም። ከዚያ ኮሚቴውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አባባ፣ ታጠፈ" አለችኝ።

እንዴት ታጠፈ አልኳት። ከተጠበቀው ብርሃን ግማሹ እንኳ እንዳልቀረ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ በካሜራ እንዳነሣችው፣ ሦስቱም አንድ እንደሆነ፣ ነጥቧ ከኮረብታው ጀርባ ልትገባ ስትል መጨረሷን ነገረችኝ። ዛሬውኑ ልኬቱን ለሚጠብቁት ትልካለች። አስጎብኚዋ አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ጭብጨባው በአጀንዳ እንዳልተያዘ ገልጸው ካበቃ በኋላ አስቆሙት።

ከዚያ ራስ ቆጠሩ፤ ስድስት ሆነ። ከአምስት አባላት ስድስቱ መገኘታቸው በደንቡ እንዳልታሰበ ተናግረው፣ ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ ራሷን እንድታስተዋውቅ ጠየቁ።

እማማ ሻርፓቸውን አወረዱ። "የዚህ አማት ነኝ" አሉ አማቻቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። "ልጅቱን ኮሪደር ላይ አግኝቻት ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጨለመው አልኳት፤ ነገረችኝ። የኔዋ ጨረቃ ነገ ትወፍራለች፣ የሷዋ ነገ ትጠፋለች። ይቺን ለመረዳት ስብሰባ ያስፈልጋል? ሂጂ፣ ወንበርሽን እኔ አሞቀዋለሁ አልኳት።"

የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ እማማን መጀመሪያውኑ እንዳዩአቸው፣ ነገር ግን በአማት ላይ መመስከር በሕይወታቸው ላይ መፍረድ እንደሆነ ገለጹ። እማማ ይህን በመልካም ተቀብለው ነገ አመሻሽ ላይ እንደሚመጡ፣ እሱም ቀደም ብሎ ካሜራውን እንዲያስወርድላቸው አዘዙ።

ሰብሳቢው የሚከተለውን ውሳኔ አነበቡ፤ ከረጅም ውይይት በኋላም ሳይሆን በአንድ ትንፋሽ ጸደቀ።

ከዕረፍት በኋላ የተቀመጡት አባላት አራት ስለነበሩ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም። ስለዚህ ድምፁ ቧንቧ መሆኑ ተሽሯል፤ የምን ድምፅ እንደነበር ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለብርሃኑ ደብዳቤ መጻፉ ተሽሯል፤ ኮረብታውም ግልባጭ አይጠብቅ። ቴሌስኮፑ ለማንም እንዳይሰጥና ጉልላቱ እንዳይከፈት የተባለውም ተሽሯል። ከዕረፍት በፊት የተወሰነውን በሚመለከት፣ መካኒኩ ስብሰባ እንደ እንቁላል ነው፣ ግማሹ ተበላሽቶ ግማሹ አይበላም ስላሉ እሱም አብሮ ተሽሯል። በዚህም መሠረት ሰብሳቢው ባለፈው ጊዜ ረጅም ንግግር ማድረጋቸው እንደገና ጸንቷል።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ለደንቡ ያህል ብለው አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ታዲያ ባለሙያዋ ጉልላቱን የከፈቱት በማን ፈቃድ ነው? ሰብሳቢው፣ የከለከለ ውሳኔ እንደሌለ፣ ያልተከለከለ ነገር ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ደንቡ ዝም እንደሚል፣ እሳቸውም ደንቡን አቋርጠው እንደማይናገሩ መለሱ።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ይህ ቃለ ጉባኤም ራሱ ስለተሻረ ማንም አያነበውም በሚል እምነት፣ ከዚህ በታች ያለውን በነፃነት ጽፌያለሁ።

ከላይ ከተጻፈው ውስጥ እኔ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእርሳሱ መሰበር እውነት ነው፣ የእንቁላሉም ነገር እውነት ነው፤ የሰብሳቢውን ሆድ በሚመለከት ያቀረብኩትንም ሐሳብ አልሸሽገውም። ውሸቱ የሰብሳቢው መነጽር ነው። ቤት አልረሱትም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ አፍንጫቸው ላይ ነበር። ከዕረፍት ስንመለስ አውልቀው በመሀረብ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እማማን ትክ ብለው አዩአቸው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው "አምስት፤ ጻፍ" አሉኝ።